መንገድ ላይ የምትጠብቀው ባዝራ

ቴሳ ጩኸቱን የሰማችው መታጠፊያው ጋ ሳትደርስ ነው። የትንሽ ልጅ ጩኸት ነበር። ከብስክሌቷ ኮርቻ ላይ ተነስታ ፔዳሉን በቁሟ ትረግጠው ጀመር። ከኋላዋ ጆሲ፣ «ቀስ በይ እንጂ! ወድቀሽ ልትሰበሪ ነው እንዴ?» ትላለች፤ ማን ሊሰማት!

መታጠፊያው ላይ አንዲት ሰማያዊ መኪና በሯ ወለል ብሎ ተከፍቶ ቆማለች። ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፣ አንዲት ልጅ አስፋልቱ ላይ ተቀምጣ ክንዷን ጨብጣ ታለቅሳለች። አባቷ አጠገቧ ተንበርክኮ ክንዷን በፎጣ ሊጠቀልልላት ይታገላል። ከእነሱ ሦስት እርምጃ እንኳ ሳትርቅ ደግሞ ዛጎል ቆማለች። ዳማ ባዝራ ናት፤ ግንባሯ ላይ ዛጎል የመሰለ ነጭ ምልክት አላት። መሬት የወደቀ ዳቦ እያላመጠች ነው። ውርንጭላዋ ጎኗ ላይ ተለጥፎ ዝንብ ያባርራል። ሁለቱም ምንም ያጠፉ አይመስሉም።

ከዚያ ዛጎል ቀና ስትል ቴሳን አየቻት። ጆሮዎቿን ቀሰረች፤ ልጅቷንም ዳቦውንም ትታ ቀጥ ብላ ወደ ቴሳ መጣች።

የቴሳ ልብ ድንግጥ አለ። «ሂጂ» አለች ከንፈሯን ሳታላቅቅ። «ሂጂ በናትሽ፣ አሁን አይደለም።»

ጆሲ ደርሳ፣ ጠጠር የተሞላውን ጣሳዋን ከወገቧ ፈትታ ኳኳኳ አደረገችው። ዛጎል ጣሳውን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። ጆሲ እየጮኸች አፍንጫዋ ሥር ስታንኳኳባት ነው ቅር እያላት ወደ ረግረጉ የወረደችው። እዚያም ሆና ዓይኗን ከቴሳ አልነቀለችም።

«ወይ ጉድ!» አለች ጆሲ። «ይቺ ፈረስ ምን ነክቷት ነው አንቺን እንዲህ የምታፈጥብሽ?»

ቴሳ ጎንበስ ብላ የልጅቷን ክንድ ማየት ጀመረች፤ የጥርስ ምልክቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ አንድ ቦታ ላይ ቆዳዋ ተልጧል።

*

የፓርኩ ቢሮ ደሴቱን ከከተማው የሚያገናኘውን ድልድይና መታጠፊያውን አልፎ፣ ድንኳን ሰፈሩ አጠገብ ያለች የእንጨት ቤት ናት። ሚስ ዶቲ ቁስሉን አጥበው፣ መድኃኒት ቀብተው፣ በፋሻ አሰሩላት። ባለቤት የሌላቸውን የደሴቱን ፈረሶች ከሰውና ከመኪና የሚጠብቀው ቡድን አለቃ እሳቸው ናቸው። ሠላሳ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ሲነዱ ስለኖሩ ርቀት የሚለኩት በአውቶቡስ ነው፤ በሰውና በፈረስ መካከል አንድ አውቶቡስ ይግባ፣ ባይ ናቸው። በጋው በሙሉ ቀይ ሰደርያ የለበሱት የቡድኑ ልጆች በብስክሌት እየዞሩ ለእንግዳ ሁሉ የሚናገሩት ይህንኑ ነው። አንድ አውቶቡስ ራቁ፣ ምግብ አትስጡ።

የልጅቷ ስም ማሪሶል ነው። አባቷ ሚስተር ኦቾዋ በር ላይ ቆሞ ኮፍያውን ያሻሻል።

«መንገዱን ዘግታ ቆመች» አለ። «ክላክስ ባደርግ ወይ ፍንክች። ከዚያ መስኮቱ ጋ መጣች። ልጄ ዳቦዋን ሰጠቻት፣ በሩንም ከፍታ ወረደች። ደስ ብሏት ነበር። ዳቦው ሲያልቅ ጊዜ ነው ክንዷን የነከሰቻት።»

የፓርኩ ጠባቂ ሚስተር ፕሩዊት ጠረጴዛው ላይ የቅጣት ቅጽ ዘርግተው ይጽፋሉ። ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። «የድልድዩ መግቢያ ላይ ያለውን ማስታወቂያ አላዩትም?»

«አይቼዋለሁ። ጥፋተኛ ነኝ፣ ምን እላለሁ።»

«ግን እኮ ይሰጣታል!» አለች ማሪሶል ድንገት። «ትናንት ጠዋት ከድንኳናችን ሆኜ አይቻለሁ! ቀይ ሰደርያ የለበሰች ልጅ አፕል ሰጠቻት! እንደነሱ ዓይነት ሰደርያ!» ፋሻ በታሰረ ክንዷ ወደ ቴሳና ወደ ጆሲ ጠቆመች። «ስለዚህ የሚቻል መስሎኝ ነው።»

ቴሳ የበረዶ ከረጢት ይዛ ቆማ ነበር፤ በረዶው እጇን እያቃጠላት ነው፣ ማስቀመጥ ግን አልቻለችም። ትናንት የብስክሌት ቆብ አድርጋ ነበር። ጥቁር መነጽርም። ከድንኳኖቹ እስከ መታጠፊያው ሩቅ ነው። ልጅቷ አላወቀቻትም። አታውቃትም።

«ከኔ ልጆች አንዷ?» አሉ ሚስ ዶቲ። ሳቅ አሉ እንጂ አልተቆጡም፤ እሱ ነው የባሰው። «የኔ እመቤት፣ የኔ ልጆች ፈረስ ከሚመግቡ እጃቸውን ቢቆርጡ ይመርጣሉ። በሌላ ነገር ልትጠረጥሪያቸው ትችያለሽ። በዚህ ግን የለም።»

«አይቻለሁ!»

«ማሪሶል!» አለ አባቷ። ድምፁ ውስጥ ኀፍረት ነበር። «ውሸት ነው ያስተማርኩሽ? በራሳችን ጥፋት ሰው እናነካካለን?»

ልጅቷ አፏን ከፍታ አባቷን አየችው። ክንዷ ሲነከስ እንኳ እንዲህ አልሆነችም። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል።

ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ፣ አለች ቴሳ በሆዷ። አፏ ግን አልተከፈተም።

ሚስተር ፕሩዊት ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ይሄ ሦስተኛ ጥፋቷ ነው» አሉ። «መጀመሪያ የሰው የምግብ ሳጥን ሰበረች። ባለፈው ወር ከአንዱ ብስክሌት ላይ ቦርሳ ጎትታ አወረደች። አሁን ደግሞ ሰው ነከሰች። ሦስት ከሞላ ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ። ቅዳሜ ፈረስ የሚጭን ተሳቢ ይመጣል።»

«ከነውርንጭላዋ?» አሉ ሚስ ዶቲ።

«ከነውርንጭላዋ። ማዶ አንድ አጥር ያለው እርሻ ሊቀበላት ፈቃደኛ ነው።» ከዚህ ደሴት ወጥቶ የተመለሰ ፈረስ የለም፤ ይህን ማንም መናገር አላስፈለገውም። ሚስተር ፕሩዊት ቅንድባቸውን አሹ። «የሚገርመኝ ምን መሰላችሁ፣ እስከ ግንቦት ድረስ መንገድ የማትወድ ባዝራ ነበረች። ማን እንዳስለመዳት ባውቅ ኖሮ መላ ይገኝለት ነበር። ያንን ሰው አስቁሞ እሷን ማስረሳት ይቻላል። መንገደኛው ሁሉ ሲሰጥ ግን ማንን አስቆማለሁ?»

ከዚያ የጥበቃውን መዝገብ ወደራሳቸው ሳብ አድርገው ገለጡ። ቴሳ የራሷን የእጅ ጽሑፍ በተገላቢጦሽ አየችው። *ዛጎልን ከመንገድ አስወጣሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት።* ከሥሩ፦ *ዛጎልን ከመንገድ አስወጣሁ። አንድ ሰዓት ከአሥር።* ገጹ ሙሉ እንዲያ ነው።

«የቴሳ ሥራ እኮ ነው» አሉ ሚስ ዶቲ በኩራት። «ያለሷ ይቺ ፈረስ ድሮ ተገጭታ ነበር።»

«እሱ ነው የጠቀመኝ» አሉ ሚስተር ፕሩዊት። ቀና ብለው ቴሳን አዩዋት። «ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እዚያው እንደምትቆም አውቀናል ማለት ነው። ገመድ አንወረውርባትም፣ ውርንጭላው ይደነግጣል። አንቺ ከፊት ከፊት ሆነሽ ወደ ተሳቢው አስገቢልን። ላንቺ እሺ ትላለች። ትችያለሽ?»

ሁሉም አዩዋት።

«እ... እሺ» አለች ቴሳ።

*

ከቢሮው ጀርባ፣ ብስክሌቶቹ የሚቆሙበት ጋ፣ ጆሲ ክንዷን ያዘቻት።

«አንቺ ነሽ አይደል?»

«ምኑ?»

«አታሹፊብኝ ባክሽ። ፈረሷ እኮ እንደ እናቷ ነው ያየችሽ!»

ቴሳ መካድ ፈለገች፤ ግን እንባዋ ቀደማት። ጆሲ ግራ ቀኝ አይታ ወደ ግድግዳው ገፋ አደረገቻት።

ነገሩ የተጀመረው ትምህርት በተዘጋ ሳምንት ነው። ዛጎል መታጠፊያው መሃል ቆማ፣ ለዓሣ የሚሆን በረዶ የሚጭነው ትልቁ መኪና ከድልድዩ ሲወርድ ድምፁ ይሰማል። ቴሳ ጣሳውን ብታንኳኳ፣ ብታጨበጭብ፣ ብትጮህ፣ ባዝራዋ ወይ ንቅንቅ። ውርንጭላዋ ደግሞ ገና እግሩ ያልጠና ነበር። የመኪናው ድምፅ ቀረበ። ቴሳ በፍርሃት የምታደርገው ሲጠፋት ከምሳ ዕቃዋ ግማሽ አፕል አውጥታ አሳየቻት። ዛጎል ተከተለቻት። መኪናው እያጓራ አለፈ። ቴሳ ሣሩ ላይ ትንሽ ቁጭ አለች፤ ሕይወት አድኛለሁ ብላ ነበር የተነሳችው። ደግሞስ አድናለች።

በማግስቱ ዛጎል እዚያው ነበረች። ደግሞ አፕል። በሣልስቱም። ቴሳ ለራሷ፣ እኔ እንግዳ አይደለሁም፣ ፎቶ ላነሳ አይደለም የምሰጣት፣ ከመንገድ ላወጣት ነው ትላለች። ሚስ ዶቲ በሰው ፊት ሲያሞግሷት ደግሞ ደስ ይላታል፤ ለምን ይዋሻል። ዛጎል ከሩቅ ስታያት ጆሮዋን መቀሰሯም ደስ ይላታል።

«አሁን ስሚኝ» አለች ጆሲ። «ልጅቷ ነገ ወደ ከተማዋ ትመለሳለች። አባቷም አላመናትም። ስለዚህ ጭጭ።»

«ዛጎልስ?»

«ዛጎል እርሻ ትገባለች። ሣር አለ፣ ውሃ አለ። ማንም አይገድላት፣ አታካብጂ።» ጆሲ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከተናገርሽ እኮ አንቺን ብቻ አይደለም። ሚስ ዶቲ እኛን ሁሉ ነው የሚያባርሩን። ሰው ሁሉ፣ አትመግቡ ባዮቹ ራሳቸው መጋቢ ናቸው ብሎ ሙድ ይይዝብናል። ሼም ነው ቴሳ። በዓይናቸው ማየት አትችይም።»

ጆሲ ክፉ ልጅ አይደለችም። ያለችውም ሁሉ ልክ ነበር፤ ቴሳን የጨነቃትም እሱ ነው።

*

ማታ አያቷ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሸርጣን ወጥመድ ሽቦ ይጠግናሉ። ቴሳ እራቷን ነካ አድርጋ ትታ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«አባባ፣ ከደሴቱ የተወሰዱ ፈረሶች እዚያ ማዶ ምን ይሆናሉ?»

«ምን ይሆናሉ፣ ይኖራሉ።» ሽቦውን በጥርሳቸው ነክሰው ጠመዘዙ። «አንዴ ወፍራም ጥቁር ድንጉላ ወስደው አይቼው ነበር። አጥሩን ይዞ ሲመላለስ፣ ሲመላለስ ቦይ ቆፍሮ ነበር በእግሩ። ለምን ጠየቅሽ?»

«ዝም ብዬ።»

አያቷ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። «ፊትሽ ዝም ያለ አይመስልም።»

«አሞኛል መሰለኝ» አለች፤ ተነስታም ገባች። አልጋዋ ላይ ሆና ወደ ተሳቢው ስትሄድና ዛጎል በእምነት ስትከተላት ታያት። እጇ ውስጥ አፕል አለ። በሩ ከኋላ ሲዘጋ ዛጎል ዞራ ታያታለች። እየተገላበጠች ሳለ እንቅልፍ ወሰዳት።

*

ዓርብ ጠዋት ያለ ምሳ ዕቃ ወጣች። ከከተማው ወደ ደሴቱ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ መታጠፊያውን ሳያልፉ የትም አይደረስም። ዛሬ አልሰጣትም፣ አለች ለራሷ። ዛሬ ባልሰጣት ትተወዋለች። ከተወችው ደግሞ ለሚስተር ፕሩዊት፣ ይኸው ተሻላት፣ እላቸዋለሁ። ማንም ምንም ሳያውቅ ነገሩ ያልፋል።

ዛጎል አስፋልቱ መሃል ቆማ ነበር። ፊቷን ያዞረችው ወደ ድልድዩ ነው፣ ቴሳ ወደምትመጣበት። በግራ በቀኝ እስከ ባሕሩ ድረስ ሣር አለ፤ ጠዋት ጤዛ ያለበት፣ ፈረስ የሚወደው ሣር። እሷ ግን ባዶ ሬንጅ ላይ ቆማለች።

ቴሳ ብስክሌቷን አቆመች። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ቁልጭ ብሎ የታያት። በጋውን ሙሉ እሷን ከመንገድ ሳስወጣ ነበር ብላ ስታስብ፣ ለካ ስታስገባት ነው የከረመችው። መንገድ ላይ ካልቆመች ማን አፕል ይሰጣታል? ዛጎል ሥራዋን አሳምራ ተምራለች። አስተማሪዋ ደግሞ ይቺው ናት፣ ቀይ ሰደርያ ለብሳ የቆመችው።

ዛጎል መጥታ ቦርሳዋን በአፍንጫዋ ገፋ አደረገችው። ጠበቀች። ደግማ ገፋችው፣ አሁን በኃይል፤ ቴሳ ወደኋላ ተንገዳገደች። በዚያኛው ጎን ደግሞ አንድ ለስላሳ ነገር መዳፏን ነካት። ውርንጭላው ነው። አንገቱን አስረዝሞ፣ ትንሽ ከንፈሩን አሹሎ፣ እጇ ውስጥ ይፈልጋል። እስከ ዛሬ እናቱን ተገን አድርጎ ከማየት በቀር ቀርቧት አያውቅም ነበር።

«አይ!» አለች ቴሳ። «አንተም? አይሆንም!»

ብስክሌቷ ላይ ዘላ ወጣች። ትሸሻቸዋለች፣ ሌላ ምን ታድርግ። ፔዳሉን ረገጠች፤ ከኋላዋ የኮቴ ድምፅ ተከተላት። ዛጎል አስፋልቱን ይዛ ሶምሶማ እየረገጠች ትመጣለች፣ ውርንጭላውም ከኋላ። ቴሳ ፈጠነች፤ ኮቴውም ፈጠነ። «ተመለሺ!» ብላ ጮኸች። በዚህ መሃል ከፊት ለፊት ነጭ ፒክአፕ ብቅ አለ።

ፍሬኑ ሲጢጥ ሲል ጆሮዋ ጭው አለ። ብስክሌቷን ወደ ሣሩ ወርውራ ዞረች። ፒክአፑ አግድም ቆሟል። ዛጎል በአንድ በኩል ናት፣ ውርንጭላው በሌላ በኩል፤ በመኪናው አፍንጫና በውርንጭላው ጎን መካከል አንድ ክንድ ቢቀር ነው። ውርንጭላው አራት እግሩን ከፍቶ ደንዝዞ ቆመ። ከዚያ እናቱ ስታሽካካ ዘሎ ተቀላቀላትና ሁለቱም ወደ ረግረጉ ገቡ።

«አንቺ ልጅ!» ሾፌሩ አንገቱን አወጣ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «ሥራሽ ከመንገድ ማስወጣት አይደል እንዴ? ጎትተሽ ታመጫቸዋለሽ?»

ሰውየው ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ቴሳ ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። ጆሲ ልክ ናት፣ ሼም ነው። ሚስ ዶቲን በዓይናቸው ማየት አትችልም። ግን ያ አንድ ክንድ ነገ ላይኖር ይችላል።

*

ድንኳን ሰፈሩ ውስጥ ሰማያዊዋ መኪና ኋላዋ ተከፍቶ ዕቃ ይጫናል። ማሪሶል ከሁሉም ርቃ፣ በተጠቀለለ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ቴሳን ስታይ ፊቷን አዞረች። ቴሳ ቆቧንም ጥቁር መነጽሯንም አድርጋ ነበር የመጣችው፤ አላወለቀችም።

«ማሪሶል» አለች። «እስኪ እዪኝ። ከትናንት በስቲያ ያየሻት ልጅ እንዲህ ነበረች?»

ልጅቷ ቀስ ብላ ዞረች። ከላይ እስከ ታች አየቻት። ዓይኗ እየሰፋ፣ እየሰፋ መጣ። «አንቺ ነሽ!»

«እኔ ነኝ። አፕል የሰጠኋት እኔ ነኝ። አልዋሸሽም።»

ማሪሶል አልጮኸችም። ዘወር ብላ አባቷን ፈለገች። «አባዬ! ሰማህ? ሰማህ አይደል?»

ሚስተር ኦቾዋ የያዘውን ድስት መሬት አስቀመጠ። ሰምቷል። ቴሳን በቁጣ አያት፤ ቁጣው ግን ብዙ አልቆየም፣ ወደ ልጁ ሲዞር ሌላ ነገር ሆነ። መጥቶ ፊቷ በርከክ አለ። ምን እንዳላት ቴሳ አልሰማችም። ማሪሶል ግን አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ለረጅም ጊዜም አልለቀቀችውም።

«ለሌሎቹ ነግረሻቸዋል?» አለ በመጨረሻ ቀና ብሎ።

«ገና ነኝ። እየሄድኩ ነው።» እግሯ ግን አልተንቀሳቀሰም። «እኔ... መጀመሪያ ለሷ ልንገራት ብዬ ነው።»

«እኔም እመጣለሁ» አለች ማሪሶል።

*

ሚስ ዶቲ ቡና ይጠጡ ነበር፤ ቴሳ ስትናገር ኩባያው አየር ላይ ቀረ። ቴሳ ሁሉንም ተናገረች፤ ትልቁን መኪና፣ ግማሹን አፕል፣ መዝገቡን፣ የዛሬ ጠዋቱን ፒክአፕ። ስትጀምር ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ወደ መጨረሻው ላይ ዝም ብሎ ይፈስላት ጀመር።

«በየጠዋቱ?» አሉ ሚስተር ፕሩዊት።

«በየጠዋቱ ማለት ይቻላል።»

«ለምን?»

«መኪና እንዳይገጫት።»

ማንም አልሳቀም። ሚስ ዶቲ ኩባያውን አስቀምጠው ወደ ማሪሶል ሄዱ። «የኔ እመቤት፣ ሳልሰማሽ ፈረድኩብሽ» አሉ። «ይቅርታ አድርጊልኝ።» ከዚያ ወደ ቴሳ ዞረው እጃቸውን ዘረጉ። ቴሳ ሰደርያውን አውልቃ ሰጠቻቸው። አልተቆጧትም፣ አልመከሯትም። ልብስ እንደሚታጠፍ አድርገው አራት ቦታ አጠፉትና መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

«መስኮቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አለ ሚስተር ኦቾዋ። «የኔ ቅጣት እንዳለ ይሁን።»

«እንዳለ ነው» አሉ ሚስተር ፕሩዊት። መዝገቡን ገልጠው ያንን የቴሳን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ደግመው አነበቡት። «ተሳቢው ነገ አይመጣም» አሉ ቆይተው። «እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ እሰጣታለሁ። በየጠዋቱ አራት ሰው ጣሳ ይዞ እዚያ ይቆማል፤ አስፋልት በረገጠች ቁጥር ያባርራታል። ከለቀቀችው ትቀራለች። ካልለቀቀችው ግን ትሄዳለች፤ ይህን ልደብቅሽ አልፈልግም።»

«እኔም ልቁም? ጣሳ ይዤ?»

«አንቺ አይሆንም። ሰደርያ ለበስሽ አልለበስሽ ታውቅሻለች። አንዴ ካየችሽ የስንት ቀን ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። ደሴቱን እንዳትረግጪ።»

«እስከ መቼ?»

«እስክትረሳሽ» አሉ።

ወደ ከተማው የሚመለሰው መንገድ ያው አንድ ነው። ሚስተር ኦቾዋ ብስክሌቷን መኪናው ጣራ ላይ አሰረላት። ቴሳ ከኋላ ወንበርና ከፊት ወንበር መካከል ወለሉ ላይ ተኛች፤ ማሪሶል የባሕር ፎጣ አለበሰቻት። ፎጣው የአሸዋና የቅባት ሽታ አለው። ከሥሩ ሆና የጎማውን ድምፅ ትሰማለች፤ ድምፁ ዝግ አለ፣ ከዚያ ቆመ።

«አለች» አለች ማሪሶል በሹክሹክታ። «መንገዱ ላይ ናት።»

«መስኮቱን ዝጊው» አለ አባቷ።

«ዝግ ነው።» ትንሽ ቆይታ፣ «እየመጣች ነው። ልጇም እየመጣ ነው።»

ቴሳ እስትንፋሷን ያዘች። ከራሷ በላይ፣ መስታወቱ ላይ፣ የዛጎል አፍንጫ ሲያርፍ ሰማችው። እንፍ፣ እንፍ ይላል። ልክ ቦርሳዋን ሲፈልግ እንደሚለው።

«ወደ ውስጥ እያየች ነው» አለች ማሪሶል። ድምፅዋ ሊሰበር ነው። «ምን ላድርግ?»

«ምንም አታድርጊ» አለች ቴሳ ከፎጣው ሥር። «አትያት። እጅሽንም አታሳያት።»

መስታወቱ ኳ አለ፣ አንዴ፣ ሁለቴ። ማሪሶል እጆቿን ጭኖቿ ሥር ከታ አጎነበሰች። አባቷ መሪውን ጨብጦ ፊት ለፊቱን ያያል። ቴሳ ዓይኗን ጨፍና መቁጠር ጀመረች፤ መቶ ደርሳ እንደገና ከአንድ ጀመረች፣ ደግሞ ከአንድ። ቀና ብላ አንዴ፣ አንዴ ብቻ ብታያት ምን ነበረበት!

ፎጣውን ወደ ፊቷ ይበልጥ ሳበችው።